ሁለተኛው ሳቅ

ወንድሜ ቦኒፋስ የመንደራችን አለቃ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ የሚናገረው ለሰው ሳይሆን ለማይክራፎን ነው። ቤቴ መጥቶ ሻይ ሲጠጣ እንኳን ከጀርባዬ ሕዝብ የተሰለፈ ይመስለዋል፤ ዓይኑ እኔን አልፎ ግድግዳውን ያያል። «ሕዝባችን…» ብሎ ይጀምራል። ሕዝቡ እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ጉልበቴን የሚያመኝ። «ስኳር ልጨምርልህ ወይስ ንግግርህን ትጨርሳለህ?» እለዋለሁ። አይሰማኝም። ሲመጣ ሳያንኳኳ እንደገባው ሁሉ፣ ሲሄድም ሳይሰናበት ይወጣል። ሳያንኳኳ መግባቱን እንኳን አልፈርድበትም፤ እኛ አገር በር የሚያንኳኳ ፖሊስና ሰባኪ ብቻ ነው።

ራሳችንን በራሳችን እናስተዳድር ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የጮኸው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፣ የካናዳ መንግሥት ወዳለበት ኦታዋ ተመላለሰ፣ ፀጉሩም እዚያው ሸበተ። ባለፈው ዓመት የሐይቁ በረዶ በቀለጠ ሰሞን ስምምነቱ ተፈረመና እኛ የነጭ ድንጋይ ሐይቅ ዴኔሱሊኔዎች፣ የዚህ የሰሜን ምድር ነባር ሕዝብ፣ ትምህርት ቤታችንን፣ መሬታችንን፣ አደናችንንና ዳኝነታችንን በእጃችን አስገባን ተባለ። ከደቡብ በአውሮፕላን እየመጣ፣ ምሳውን በላስቲክ ይዞ፣ አብራሪው እንዳይሄድበት ሰዓቱን እያየ የሚፈርድብን ዳኛ ከእንግዲህ በአደናችን ጉዳይ አፉን አይከፍትም። አዳራሹ ሞላ፣ ከበሮ ተመታ። ቦኒፋስ እኔ የሰፋሁለትን ባለ ዶቃ ሰደርያ ለብሶ ማይክራፎኑ ላይ አለቀሰ። ዶቃውን ስሰፋ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። እሱ ግን ያመሰገነው ከኦታዋ የመጣውን ሰውዬ ነው።

የመጀመሪያው ሕጋችን የካሪቡ፣ የዚያ በመንጋ የሚጓዝ የበረዶ አገር አጋዘን፣ ሕግ ሆነ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አያቶቻችን የበሉት ሥጋውን፣ የለበሱት ቆዳውን፣ የሰፉበትም ጅማቱን ነው። ሕጉ አዲስ አይደለም፣ ከእናቶቻችን ጡት ጋር የጠባነው ነው፤ አዲስ ነገር ቢኖር መጻፉ ብቻ ነው። ካሪቡ ራሱን ለሰው ይሰጣል። በጥይት ትቀበለዋለህ፣ በቢላ ትቀበለዋለህ፤ በዱላ ግን አትመታውም። የተዋረደ ካሪቡ ለመንጋው ይናገራል፤ መንጋውም መንገዱን ይለውጣል፣ ሰውም ይራባል። ካሪቡን ያዋረደ ሰው ሐይቁ እንደገና እስኪቀልጥ ጠመንጃውን ያስረክባል፤ በየቤቱ እየዞረም ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል። የሄደበት ቤት ደግሞ ሳያበላው አይሰደውም። ቅጣቱ ቀላል የሚመስለው እኛ ዘንድ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ነው። የነቀፍከውን፣ ያማኸውን፣ ልጁን የገላመጥክበትን ሰው ሁሉ ደጅ ረግጠህ፣ ጥፋትህን ተናግረህ፣ እህሉን በልተህ መውጣት ከእስር ይከብዳል።

ሕጉን እንድንጠብቅ ሦስት ሰዎች ተመረጥን። አንዷ እማማ ፊሎመን ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ምላሳቸው ግን ከቢላ የሰላ ነው። ሁለተኛው ሄክቶር ነው፤ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል ደግ ሰው። ሦስተኛዋ እኔ ማቲልድ ነኝ።

በፊርማው ቀን ሕጋችን ሲነበብ፣ ከኦታዋ የመጣው ሰውዬ በፈገግታ፣ «የትልቅ ሰው ልጅ ቢያጠፋስ?» ብሎ ጠየቀ። ቦኒፋስ ሳቀ። የቦኒፋስ ሳቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነው፤ በአፍንጫው ይጀምርና አልነሣ እንዳለ የበረዶ ሞተር ይንተከተካል። ስቆ ሲያበቃ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የለም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?» አሉ እማማ ፊሎመን፣ ከጭብጨባው በላይ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ትራቪስ የቦኒፋስ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ይድህ ነበር፤ አባቱ ስብሰባ ላይ ስለሆነ እኔ አሳደግሁት። አፍንጫውን የጠረግሁለት፣ መረብ መጣል ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰውን ደስ ለማሰኘት የሚሮጥ ልጅ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቱን። አሁን ጢሙን አሳድጓል፤ አባቱም የባህል ጥበቃ ኃላፊ አድርጎ ሾሞታል። ቢሮ አለው። የሚሽከረከር ወንበር አለው። ግድግዳው ላይ ማንም የማይመታው ከበሮ ተሰቅሏል። ከከበሮው በታች «በቋንቋችን እንነጋገር» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ። ባህል የሚጠበቀው እንደ ዓሣ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ነው እንዴ ብዬ ጠይቄው ነበር። «አክስቴ ደግሞ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲረጋ መንጋው መጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደጃችን ድረስ መጣ። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው አዩት፣ ሽማግሌዎች መስኮት ላይ ቆመው አለቀሱ። ሥጋ ከቤት ወደ ቤት ዞረ፤ እኔ ቤት የምላስ ድርሻዬ መጣና ለብቻዬ ቁጭ ብዬ በላሁት። እንዲህ ያለ ደስታ ከረሳሁ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ አንድ ቪዲዮ መጣ። ትራቪስ ለአንድ ጓደኛው ላከው፣ ጓደኛው ለሌላው፣ ሌላውም ለመንደሩ ሁሉ። ትራቪስ አንዲት እናት ካሪቡ አቁስሏል፣ ጥይት ጨርሷል። የኋላ እግሯ አልታዘዝ ብሏት በረዶው ላይ ትሳባለች። እሱ ከሞተሩ ወርዶ፣ መጥረቢያውን ገልብጦ፣ በእጀታው ጭንቅላቷን ሲመታት ይታያል። የመጀመሪያውን ምት እንዳየሁ ስልኬን ዘጋሁት። ቀሪውን ማየት አልቻልኩም፣ ማየትም አልፈለግሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ባዶ ነበር። መንጋው አቋርጦ ወደ ማዶ፣ ከዚያም ወደማናውቀው ሄደ። ሱቅ ውስጥ ሰው ዳቦውን አንሥቶ፣ ከፍሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ትራቪስ ያን ቀን እኔ ጋ መጣና ወንበር ሳይስብ ወለሉ ላይ፣ ልጅ ሳለ የሚቀመጥበት ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ አጥፍቻለሁ» አለ።

«አጥፍተሃል።»

«ሁሉንም እኔ ልቀበለው። እኔ ላይ ይብቃ።»

«ማን ላይ ሊሆን ኖሯል?» አልኩት። አንድ እንጨት ምድጃው ውስጥ ጨመረ። ንዴቴ ላይ ስለነበርኩ ነገሩን አላጤንኩትም።

ከእሱ በኋላ አባቱ መጣ። ሰደርያውን ለብሷል። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይዳር፣ ተራ ቀን ላይ ያንን ሰደርያ ሲለብስ ነገር እንዳለው አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ይህን ነገር እንደ ቤተሰብ እንየው» አለ።

«ባለፈው ሳምንት ሕዝባችን ነበርኩ። ዛሬ ቤተሰብ ሆንኩ?»

«ሕጉ'ኮ ገና ጨቅላ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ሸክም ብንጭንበት ይሰበራል።»

«ታዲያ ማን ይሸከምልን?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመርኩለትም ነበር፣ ዝም ብሎ ያማስላል። «ጠበቃ አነጋግሬያለሁ። ዘመድ በዘመድ ላይ ፈረደ እንዳይባል፣ ጉዳዩ ለደቡቡ ዳኛ ቢመራ ይሻላል ነው የሚለው።»

«የትኛው ዳኛ?»

«ያው… የድሮው።»

«ምሳውን በላስቲክ ይዞ የሚመጣው?»

«ማቲልድ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። እሱ ዘንድ ካሪቡን በዱላ መምታት ምን ያስቀጣል?»

«እሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ልጁ በነፃ ይወጣል፣ እኛም ቂም አንያያዝም።»

ይህን ሰው አየሁት። ያንን ዳኛ አስወጡልን ብሎ ሲጮህ ጉሮሮው የተዘጋ፣ ለዚያ ብሎ የሚስቱ ቀብር ላይ ያልደረሰ ሰው፣ ዛሬ ያው ዳኛ ምሳውን ይዞ እንዲመለስ ሊለምን ነው። ንቀት አፌ ውስጥ እንደ ሬት መረረኝ።

«መንጋውስ?» አልኩት።

«መንጋው የሄደው ለማዕድን ማውጫው በተቆረጠው መንገድ ምክንያት ነው። በአየር ጠባይ ነው። ሳይንሱ ግልጽ ነው።»

«አዳራሹ ውስጥ ካሪቡ ይሰማል፣ ካሪቡ ያውቃል ብለህ ስታለቅስ ሳይንሱ የት ሄዶ ነበር?»

«ያ'ኮ ለእንግዶቹ ነው» አለ፤ ከዚያም የልቡን ተናገረ። «ሕጉ እንዲታይ ነው የተጻፈው፣ እትዬ። ሕግ አላቸው እንዲባል ነው። አሁን በዚህ ዘመን ሰው ጎረምሳ ልጁን በየቤቱ እያዞረ ያዋርዳል እንዴ?» ኩባያውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። እንዴት ብለሽ ትፈርጂበታለሽ?»

እዚህ ላይ ደካማ ጎኔን አገኘው። ትራቪስ ያ ከበሮ በማይመታበት ቢሮው ውስጥ ቀሎ ቢታየኝም፣ ልጄ ነው። ብንለቀው ሕጋችን ያው እንደ ከበሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ሁለተኛ ማንም አይሰማንም። ብንፈርድበት ደግሞ አሳድጌ ለመንደር መሳቂያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፎጣ አነሥቼ ጠረጴዛውን ወለወልሁ።

«ሻይህን ጠጣና ሂድ» አልኩት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰው ሁሉ መጥቷል፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ሦስታችን ከፊት ተቀመጥን። ቦኒፋስ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ማይክራፎኑን ያዘ። ስለ ገለልተኝነት ተናገረ፣ ስለ አዲስ መንግሥት ስሱነት ተናገረ፣ «ለሽግግሩ ጊዜ ብቻ» ነገሩ ወደ ደቡብ ቢመራ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሄክቶር የገዛ ልጁ የአለቃው መኪና ነጂ ነውና በእሺታ አንገቱን መነቅነቅ ጀመረ።

«አንገትህን አቁም፣ ይሰማኛል» አሉት እማማ ፊሎመን። «ልጁ ይናገር።»

ትራቪስ ተነሣ። ማይክራፎኑን አልፈለገም።

«ስቃይዋን ላሳጥርላት ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ቆም አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አይደለም፣ እማማ። ጥይት ስላባከንኩ ነው። መመለስ ሰነፍኩ። ስቄያለሁም።»

ልቤ ተነካ። ቢያንስ እውነት መናገር ከእኔ ቤት ይዞ ወጥቷል ብዬ አሰብኩ።

«ያንን የስልክ ነገር አሰሙኝ» አሉ እማማ ፊሎመን።

ቦኒፋስ ማይክራፎኑን ገና አልለቀቀም። «እማማ፣ እርስዎ'ኮ አያዩም። ሰውን ዳግም ማስጨነቅ ነው።»

«ዓይኔን እግዜር ወሰደው። ጆሮዬን ደግሞ አንተ ልትወስደው ነው? ክፈቱት።»

ለቢንጎ ጨዋታ ቁጥር መጥሪያ በምንጠቀምበት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከፈቱት። ነፋስ ሰማን። ሞተር ሲጠፋ ሰማን። ከዚያ እጀታው። ከዚያ እንደገና እጀታው። የእናቲቱ ትንፋሽ፣ በአፍንጫዋ፣ እንደ ሰው። እኔ ስልኬን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነበር፤ አሁን የሚዘጋ ነገር የለኝም። ከዚያ ሳቅ መጣ። ቀጭኑና ደንገጥ ያለው የትራቪስ ነው። ከእሱ በላይ፣ ከእሱ ቀርቦ፣ ከስልኩ ጀርባ ሌላ ሳቅ አለ።

«አንዱ የልጁ ነው» አሉ እማማ ፊሎመን። «ሁለተኛው የማን ነው?»

ሰው ሁሉ እንደገና ጫማውን አየ።

«ድገሙት።»

ደገሙት። ነፋሱ፣ እጀታው፣ ትንፋሿ። ከዚያ ያ ሳቅ፤ በአፍንጫ ጀምሮ እየተንተከተከ የሚሄድ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አንድ ብርድ ልብስ ስር ተኝተን የሰማሁት ሳቅ። ወደ አዳራሹ ዞር አልኩ። የሚያስደነግጠው፣ አንድም የደነገጠ ሰው አለመኖሩ ነው። ግማሹ መንደር ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። ግማሹ መንደር አውቋል፣ አውቆም አለቃው የሚሰጠው የቤት ጥገና ወረፋ እንዳያልፈው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ሁሉንም ባንድ ላይ ናቅኋቸው።

ቦኒፋስ የሰደርያውን ዶቃ ይነካካል። «የነፋስ ድምፅ ነው» አለ።

«ነፋስ በአፍንጫው ይስቃል?» አሉ እማማ ፊሎመን።

ትራቪስ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ይተዉት። የመታኋት እኔ ነኝ» አለ።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ቤተሰብ ማለቱ፣ ለልጁ ብሎ አልነበረም። ልጁ «እኔ ላይ ይብቃ» ብሎ ሸክሙን ብቻውን ሲያነሣ፣ አባቱ ቆሞ አየው። እኔን «እንዴት ትፈርጂበታለሽ» እያለ ሲያስጨንቀኝ ልጁን ከፊቱ አቁሞ ከጀርባው የተደበቀው እሱ ነው። ፈሪ ብዙ አይቻለሁ። በአሳደግሁት ልጅ የሚከለል ፈሪ ግን ከገዛ እናቴ ማህፀን ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ዱላ የያዘው አንድ» አሉ እማማ ፊሎመን። «እያየ የሳቀ ሁለት። ካሪቡን ያዋረዱት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ጠመንጃ ያስረክባሉ፣ ሁለቱም በየቤቱ ይዞራሉ። ማቲልድ?»

«እንደዚያው» አልኩ።

«ሄክቶር?»

ሄክቶር ሕዝቡን አየ፣ አለቃውን አየ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ አየና፣ «እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው» አለ።

«እኔ አለቃ ነኝ» አለ ቦኒፋስ። ማይክራፎኑ በእጁ ነውና ቃሉ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የለም ብለኸን አልነበር?» አሉ እማማ። «እኔ እንኳን የሰማሁት መስሎኝ። ጆሮዬም ጠፋ ማለት ነው።»

በማግሥቱ አለቃችን አስቸኳይ ስብሰባ ገጠመውና በጠዋቱ አውሮፕላን ሄደ። ትራቪስ ግን ብቻውን ጀመረ። ከመንደሩ ጫፍ ተነሥቶ በየቤቱ ገባ። ቆሞ ተናገረ፣ ተቀምጦ በላ። ካሪቡ ስለሌለ ያበሉት ዓሣ ነው፤ ዓሣና ባኖክ የምንለው ቂጣ፣ ዓሣና ባኖክ። አንዳንዱ ቤት ተሰደበ፣ አንዳንዱ ቤት አለቀሱለት። የእኔ ቤት ሲደርስ ኮራሁበት፤ ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሱም አልነገርኩትም። በላ፣ ሳህኑን አጠበና ሄደ። በአባቱ ላይ በየትም ቤት አንዲት ቃል አልተናገረም። ሲጨርስ የቢሮውን ከበሮ አውርዶ የኔ ቤት ትቶት ሄደ፤ ቆዳው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ሐይቁ ሲቀልጥ እንቀይረዋለን።

ቦኒፋስ ስብሰባው አለቀበትና ተመለሰ። ሰው አልሰደበውም። ሱቅ ሲገባ ወረፋውን ለቀውለት ዞር ይላሉ፤ ሬዲዮ ላይ ሲናገር ሰው ሬዲዮውን ይዘጋል። ለማን ይናገር? ማይክራፎኑ ብቻውን ቀረው። አንድ ቀን ሰደርያውን ሳይለብስ፣ በአሮጌ ካፖርት፣ እማማ ፊሎመን ቤት ገባ። እማማን ልጠይቅ መጥቼ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«በተከሰተው ሁኔታ የተሰማኝን ጥልቅ ኀዘን…» ብሎ ጀመረ።

«ይህ የማን አፍ ነው?» አሉ እማማ። «የራስህን አምጣ።»

የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ። ከዚያ ተናገረ። ልጁ መጥረቢያውን ሲገለብጥ «በለው» ያለው እሱ መሆኑን፣ ስልኩን የያዘው እሱ መሆኑን፣ ልጁ ሲሸከምለት ዝም ማለቱን ተናገረ። ድምፁ የተራ ሰው ድምፅ ነበር፤ ስንት ዓመት ያልሰማሁት።

«ጨረስክ?» አሉ እማማ።

«ጨረስኩ።»

«ሳቁን ረሳኸው። እጀታውን ነገርከኝ፣ ስልኩን ነገርከኝ። እስቲ ሳቀው።»

«እማማ…»

«እሷ እየሰማች የሳቅከውን፣ እኔም እየሰማሁ ሳቀው።»

አፍንጫው ተነፋ፣ አፉ ተከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ፣ የወጣው ለሳቅ አልሆነም። ባዝንለት ደስ ባለኝ፤ አላዘንኩለትም።

«በየቤቱ ሳቁንም እንዲህ እየሞከርክ ጨምርበት» አሉና እማማ ዓሣውን ወደ ድምፁ ገፉለት። አጥንቱን እየለቀመ ሁሉንም በላ። ሲጨርስ ተነሥቶ ካፖርቱን ቆለፈ።

ቀጥሎ ያለው ቤት የእኔ ነው። ቀድሜው ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ዓሣውን ምድጃ ላይ ጣድሁ። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና እስኪያንኳኳ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።